ጋሽ ደምሴና የሕመም ጣሊያንኛ

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የሰማሁት ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆኜ ነው። ጦርነቱ እኛን ከካርቱም ካስወጣን በኋላ ዴም በሚባለው ሠፈራችን የቀረች አንዲት ጎረቤታችን መስመር ባገኘች ቁጥር በስልክ ድምፅ ትልክልኝ ነበር። የዚያን ቀን የላከችው አጭር ነው። «ጋሽ ደምሴን ትናንት ቀበርናቸው። መቃብር ቦታው ድረስ መሄድ ስላልተቻለ ግቢው ውስጥ ነው ያሳረፍናቸው። ካህን አልነበረም፤ አባታችን ሆይን ደግመንላቸዋል» አለች። ከዚያ፣ «እስከ መጨረሻው ሲቆጡን ነበር» አለችና ድምፁ ተቋረጠ። አለቀስኩ። መሃል ላይ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሳይቆጡ ሞቱ ብትለኝ ኖሮ ሌላ ሰው ነው የቀበራችሁት እላት ነበር።

ዴም ውስጥ ሰው ሁሉ «ጣሊያኑ» ይላቸዋል እንጂ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ጣሊያን አገር ተልከው ነበር። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ደርግ ሲያሳድዳቸው በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ፤ ካርቱም ውስጥም መንገድ ለሚሠራ የጣሊያን ኩባንያ ለረጅም ዓመታት አስተርጓሚ ሆነው ሠሩ። ኩባንያው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ቋንቋው እሳቸው ላይ ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ከተማ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ልብስ ተኩሰው አቧራ ውስጥ መውጣት ምን ይጠቅማል ቢሏቸው፣ «አቧራው የሱዳን ነው፤ ሸሚዙ የእኔ» ይላሉ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ውስጥ ጣሊያንኛ ያስተምራሉ። የሚመጣው ብዙው በሊቢያ አድርጎ ባሕር ለመሻገር ያሰበ ወጣት ነው። ሥራ ስጡኝ፣ ስንት ትከፍላላችሁ፣ የት ልደር የሚለውን መማር ይፈልጋል። እሳቸው ግን የሚጀምሩት ከሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይጨርሳሉ። «ዳቦ በጣትህ ጠቁመህ ትገዛለህ። የሆድህን ውስጥ በምን ጣት ትጠቁማለህ?» ይላሉ። እኔም እሄድ ነበር። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሠፈር አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ክሊኒክ ነበር የምሠራው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ወለል አጸዳለሁ፣ ተራው የደረሰውን እጠራለሁ። የዶክተሩን ቋንቋ ጥቂት ብለምድ ብዬ ጀመርኩ፤ ቋንቋው ብዙም ሳይገባኝ ሰውየውን ወደድኳቸው።

አንዷ ተነሥታ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ካለች ጠረጴዛውን በጥፍራቸው ይመቱና፣ «ባር ባር የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ። ይወጋል? ያቃጥላል? ይጠዘጥዛል? ይቆርጣል?» ይሏታል። ልጅቷ የገዛ ሆዷን እንደ እንግዳ ዕቃ ስትዳብስ እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም። ቦታውን እስክታገኝ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁና «ሚ ፋ ማሌ ኩዊ» ያስብሏታል። እዚህ ጋ ያመኛል ማለት ነው። ለብርዱም፣ ለምቹም፣ ለውጋቱም እንዲሁ ቦታውን በጣት ያስጠቁማሉ።

ከዚያ ክፍል የተከለከለች አንዲት ቃል ነበረች። «ቤኔ» ትባላለች፤ ደህና ማለት ነው። እንደ ሐኪም ሆነው «ኮሜ ስታ?» ሲሉ፣ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው፣ «ቤኔ» ብሎ የመለሰ ተማሪ ይባረራል። በሩን ራሳቸው ከፍተው ነው የሚያስወጡት። እኛ ደግሞ ደህና ካላልን መናገር አንችልም። ነፍሱ አፍንጫው ላይ የደረሰች ሰው እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ሕመሙን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ ግን «ፈረንጅ ሐኪም ከዚያ በኋላውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም» ባይ ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደሚከርሩ የነገሩን አንዴ ብቻ ነው። ኩባንያው ውስጥ አንድ የጎጃም ልጅ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሆዱን ይዞ ወደ ኩባንያው ሐኪም መጣ። ሐኪሙ እንዴት ነህ አለው። ልጁም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። «እኔም እንዳለው ተረጎምኩ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ቃል በቃል፣ አንዲት ሳላጎድል። ሐኪሙም እንግዲያው ወደ ሥራህ ተመለስ አለው። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሞተ።» ጥፍራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበረ፤ አልመቱም። «አስተርጓሚ ነበርኩ እኮ» አሉና ትምህርቱን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በቁጣቸው ስቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሳቄ ቀነሰ።

ጥሩወርቅን ወደዚያ ክፍል ያመጣኋት እኔ ነኝ። የአገሬ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ብዙ ስለምታንሰኝ «እታለም» ነው የምትለኝ። ዐማራት አንዲት ሀብታም ማዳም ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ እኔ ዘንድ ትውላለች። ወሬ አዋቂ ነበረች፣ የሰው አነጋገር ስታስመስል ሆድ ታቆስላለች። ከፋሲካ ወዲህ ግን የጀመረችውን ወሬ መጨረስ አቃታት። መሃል ላይ ትቆማለች፤ ረስታ አይደለም፣ ትንፋሽ ፍለጋ ነው። አንድ ዓርብ ከትምህርቱ በኋላ ሌላው ሰው ሲወጣ ሳል ያዛት። መሐረቧን ከአፏ አንሥታ ከፈተችና ለእኔና ለጋሽ ደምሴ ደሙን አሳየችን። አሳይታን ሳታበቃ አስማለችን።

«ማዳም ከሰማች... የሳንባ ነው ብላ በዚያው ቀን ታስወጣኛለች» አለች እየተነፈሰች። «ሕፃን አላት። ጀዋዜም ኢቃማዬም፣ ወረቀቴ ሁሉ እሷ እጅ ነው። ያለ ወረቀት መንገድ ላይ ከተያዝኩ... ወደ አገር ነው የሚጥሉኝ። እናቴን ማን ያይልኛል? ለማዳም አንናገርም በሉ። ማርያምን በሉኝ።»

ማርያምን አልኩ። ጋሽ ደምሴ መማል አይወዱም፤ እያጉረመረሙ ማሉ። «ለማዳም አልናገርም። ለሐኪም ግን አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ» አሏት። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዓርብ ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ በሌላ ቀን ብቻዋን ከግቢ አትወጣም። ሐኪም ፊት የምትቀርበው ማዳም ይዛት ከሄደች ብቻ ነው። የማዳም ቤተሰብ የሚታከመው እኛ ክሊኒክ ነው፤ የዶክተሩ ዐረብኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ፣ ከሱዳኖቹ ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አስተርጓሚዋም ማዳም ራሷ መሆኗ ነው። ጥሩወርቅ በዐረብኛ አንዲት ነገር ብትተነፍስ መጀመሪያ የምትሰማው ማዳም ናት። ማዳም የማታውቀው ጣሊያንኛ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ማዳም ፊት ቆማ እውነቷን እንድትናገር ያሠለጥኗት ጀመር። «ሚ ማንካ ኢል ረስፒሮ»፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። «ቶሶ ሳንግዌ»፣ ስስል ደም አለው። ተጋድሜ መተኛት አልችልም የሚለው ረዥም ነው፤ እየከፋፈለች አጠናችው። በተቀመጠችበት ድንገት ዞረው «ኮሜ ስታ?» ብለው ይጮሁባታል፤ እሷም «ማሌ!» ትላለች፣ መጥፎ ማለት ነው። «እንደ እሱ ነው!» ይላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ ፊቷ ሲገረጣ እያየሁ እንቅልፌን አጣሁ። ሳምንቱ የሚገፋ መስሎ አልታየኝም።

አንድ ቀን ልብስ ስትተኩስ ራሷን ስታ ወደቀች። ማዳም ደንግጣ ክሊኒካችን ደወለችና ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሮ ያዘች። ዶክተሩ ከዚያ ቀን በኋላ ለዕረፍት አገሩ ሊገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እግዜር ይወቅ። ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው መጥተው፣ እንደ በሽተኛ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው አገኘኋቸው። ዶክተሩን ገና ሲገባ አግኝተው ሊነግሩት ነበር ሐሳባቸው። ዶክተሩ አረፈደ። ሲመጣ የማዳም መኪና በር ላይ ነበረች፤ ማዳም ተጠቅልላ የለበሰችውን ቶብ እየሰበሰበች ጥሩወርቅን አስከትላ ከእሱ ጋር አብራ ገባች። ጋሽ ደምሴ ግማሽ ተነሥተው ቀሩ። እኔ አንሶላ የምቀይር መስዬ ተከትያቸው ገባሁ። ልናገር ብል የኔ ጣሊያንኛ ራስ ምታት ላይ ነው የቆመው።

ማዳም በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ አወራች። ዶክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞረና እንደ ልማዱ በራሱ ቋንቋ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ኮሜ ስታይ፣ ፊሊያ ሚያ?» አላት። እንዴት ነሽ ልጄ ማለት ነው።

ጥሩወርቅ ማዳምን አየች። ዶክተሩን አየች። እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ቤኔ፣ ግራትሲዬ፣ ዶቶሬ» አለች።

 ፈርታም ይሆናል። እኔ ግን አስተዳደጓ ነው ያመለጣት እላለሁ፤ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ልጄ ብሎ ሲጠይቅ ማን ነው ደህና አይደለሁም የሚል? ዶክተሩ በደስታ ሳቀ። ሠራተኛሽ ጣሊያንኛ ትናገራለች መሰለኝ ያላት፤ ማዳምም ሳቀች። የጥሩወርቅን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየና ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። የደም ማነስ መድኃኒት መሆኑን ከስሙ አውቀዋለሁ። ጥሩወርቅ ያለችውን የተረዳችው ያኔ ነው፤ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። እኔ ሮጬ ወጣሁ።

«ቤኔ አለች» አልኳቸው ጋሽ ደምሴን።

ፊታቸው ጠቆረ።  ያንን የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ሲፈቱት አይቼ አላውቅም፤ ሰውየው አበዱ ብዬ ፈራሁ። ደረታቸውን በእጃቸው ጨብጠው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ደ ሚኑ ደ?» አለች ማዳም ደንግጣ፤ ማነው ይሄ ማለቷ ነው። «ያ ሐጅ፣ ውጭ ጠብቅ!»

«ማሌሽ ያ ሲቲ፣ ማሌሽ፣ ታዕባን» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ይቅርታ እመቤቴ፣ ታምሜ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ወደ ዶክተሩ ዞረው ጣሊያንኛውን አወረዱት። እኔ የለየሁት የዓርቡን ነው። ሚ ማንካ ኢል ረስፒሮ። ቶሶ ሳንግዌ። ተጋድሜ መተኛት አልችልም። የጥሩወርቅን ሕመም በገዛ ደረታቸው ላይ እየጠቆሙ፣ እየሳሉ፣ እያቃሰቱ የራሳቸው አስመሰሉት። መሃል ላይ የማላውቀው ነገር ነበረበት፤ እሱን በኋላ ነገሩኝ። «እኔ አልታመምኩም፣ ዶክተር። የምነግርህ የልጅቷን ነው። አሁን ዞረህ አትያት። ሴትየዋ ከሰማች ልጅቷ ዛሬ መንገድ ላይ ናት» ብለውት ኖሯል።

ዶክተሩ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አይቷል። ዓይኑን ከጋሽ ደምሴ ላይ ሳያነሣ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አደረገና፣ «ዳ ኩዋንዶ?» አለ። ከመቼ ጀምሮ?

ጋሽ ደምሴ መልሱን ያውቁታል። አልመለሱም። አንዴ ሳሉ፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉና ዝም አሉ። ዶክተሩ ጥያቄውን ደገመው። አሁንም ዝም። ማዳም ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ያላ፣ ቲሩ» አለች፣ እንሂድ ማለቷ ነው፤ ቲሩ ነው የምትላት። ጥሩወርቅ ተነሣች። እኔ ጋሽ ደምሴን በልቤ እረግማለሁ፤ እዚህ ድረስ ገብቶ አንዲት ቃል መንፈግ ምን የሚሉት እልኸኝነት ነው? ማዳም በሩን ከፈተች። ጥሩወርቅ ተከተለቻት፤ አንድ እግሯ ውጭ ሆኗል።

«ዳ ፓስኳ» አለች ጥሩወርቅ። ከፋሲካ ጀምሮ።

«ጉልቲ ሺኑ?» አለች ማዳም ዞራ፤ ምን አልሽ?

«ለእኔ እያዘነችልኝ ነው ያ ሲቲ፤ አላህ ይማርዎት እያለችኝ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ በዐረብኛ፣ ከጣሪያው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

ጥሩወርቅ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እያንዳንዱን ቃል ብቻ ብቻውን፣ በመሃሉ ትንፋሽ እየፈለገች፣ ደሙን ነገረችው፣ ቁጭ ብላ ማደሯን ነገረችው። «ኩዊ»፣ እዚህ ጋ፣ ስትል ጣቷ ልቧ ላይ ነበር። ዶክተሩ ማዳመጫውን ከጋሽ ደምሴ ላይ አንሥቶ ጀርባዋ ላይ አደረገው። ብዙ ቆየ። የማየው ፊቱን ነው፤ ፈገግታው ጠፍቷል።

ከዚያ ለማዳም በእንግሊዝኛ ነገራት። ማዳም አፏን በቶቧ ሸፈነች፣ ስለ ሕፃኗ ጠየቀች። አይተላለፍም አላት ዶክተሩ፤ ልቧ ነው፣ ዛሬውኑ ምርመራ ትሄዳለች፣ ከእንግዲህ ባልዲ አታነሣም። ማዳም ጥሩወርቅን ትክ ብላ አየቻትና፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት በዐረብኛ።  ማዳም ከልቧ እንደጠየቀች አምናለሁ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን የጥሩወርቅን ሻንጣና ጀዋዝ፣ ፓስፖርቷን ማለት ነው፣ በሾፌር እኔ ክፍል ላከች።

ዶክተሩ ከመሄዱ በፊት ለሚያውቃቸው የልብ ሐኪሞች ደወለ፤ ተራ ያዙላትና ከሳምንታት በኋላ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ደምሴን አላናገረቻቸውም። ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ በሽተኛ ወሬውን ዴምም ሳጃና ሠፈርም አድርሶት፣ የማያውቃት ሰው ሳይቀር የሳንባ ነው እያለ ስኒ ያሸሻት ነበር። «ስሜን አጠፉት። ከእንጀራዬ አፈናቀሉኝ» እያለች ታለቅሳለች። አትርፈውሽ እኮ ነው ብላት ትብስባለች። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ፣ «ለማዳም አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ መሐላዬን ጠብቄያለሁ» ብቻ አሉ። ያን ቀን ለምን መልሱን እንደነፈጉ ስጠይቃቸው ደግሞ፣ «ስለ ሰው ሕመም አንዴ ተናግሬ አይቻለሁ። ከእሷ አፍ መስማት ነበረበት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያስቆሙኛል። እንዴት ናት ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ መልሱ ምን እንደሚሆን ያውቁታላ። «ስንት ትራስ ነው የምትደገፈው?» ይሉኛል። ትራሱ ሲቀንስ ደስታቸውን ለመደበቅ ሌላ ነገር ፈልገው ይቆጡኛል፤ ፀጉሬን ለምን አልሸፈንኩም፣ ርክሻው ላይ ለምን ተንጠለጠልኩ። አንድ ቀን ክፍላቸው ሄጄ ልብሳቸውን ሲተኩሱ፣ ያው አንዱን ሸሚዝ ደጋግመው ሲተኩሱ አገኘኋቸው። እየፈሩ እንደሆነ ገባኝ። ብትሞትስ ብለው ነው የሚፈሩት፤ ይቅር ባትለኝስ ብለው አይደለም።

ቁስሏ ከደረቀ በኋላ አንድ ዓርብ ትምህርት ላይ ተቀምጠን የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ጥሩወርቅ ነበረች። ከቤት መውጣቷን እኔም አላወቅሁም። ግቢውን እያቋረጠች ጀመረችው፤ «እርስዎ ሰውዬ! የሰው ገመና ገበያ የሚያወጡ፣ ማርያምን ብለው ምለው ማርያምን የሚሸውዱ፣ እናቴ እጄን ስትጠብቅ ምን ልበላት፣ የዴም ሰው ስኒ ሲያሸሸኝ የት ልግባ፣ ሳይጠይቁኝ እኔን ሆነው የታመሙ፣ ማን ሾመዎት፣ ማን ውክልና ሰጠዎት!» እያለች በሩ ላይ ደረሰች።

ተማሪዎቹ ሊይዟት ተነሡ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አንሥተው አስቀመጧቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ ሰጥተው ነበር የሚሰሟት፤ ትንፋሿን እንጂ ስድቡን እየሰሙ እንዳልሆነ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጨርሳ ቆመች።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አሏት። 

 የጥሩወርቅ እጅ ሳታስበው ወደ ደረቷ ሄደ። ከዚያ ገባት። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ስድቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መሃል ላይ አንዴም ሳትቆም፣ ደገመችላቸው።